ክሌይሞር፦ ስሙ ከሰይፍ፣ ግብሩ ከመድፍ

ክሌይሞር የሚለውን ቃል ከዜና የሰማ ሰው ፈንጂ ይታየዋል። የስኮትላንድን ታሪክ ያነበበ ደግሞ ሰይፍ። መዝገበ ቃላት ሁለቱን ፍቺ ቁጥር ሰጥቶ ያስቀምጥና ያልፋል። በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ የተከተለ ሰው ግን መጨረሻ ላይ የሚያገኘው ነገር ቀላል አይደለም፦ ፈንጂው ስሙን ከሰይፉ ይውረስ እንጂ ግብሩን የወረሰው ሰይፈኞቹን ከፈጃቸው መሣሪያ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከቃሉ እንጀምር። በእንግሊዝኛ «ክሌይ» የሸክላ አፈር፣ «ሞር» ደግሞ ተጨማሪ ማለት ስለሆነ ቃሉን ከሁለት ከፍሎ ለመተርጎም የሚሞክር ይሳሳታል። ምንጩ በስኮትላንድ ሰሜንና ምዕራብ ደጋማ አገርና በደሴቶቹ የሚነገረው ጌይሊክ ነው። «ክላይቭ» ሰይፍ ነው፤ «ሞር» ትልቅ። «ሞር» በስኮትላንድ ካርታ ላይ በየቦታው አለ፤ ቤን ሞር የሚባሉት ተራሮች ስማቸው «ትልቁ ተራራ» ነው። «ክላይቭ»ም ዘመድ የሌለው ቃል አይደለም፤ ዌልሶች ሰይፍን «ክሌዲቭ» ይላሉ። ሮማውያን አጭሩን ሰይፋቸውን «ግላዲየስ» ያሉት ይህንኑ ቃል ከኬልት ሕዝቦች ተውሰው ነው የሚሉ የቋንቋ ሊቃውንት ብዙ ናቸው። ግላዲያተር ከዚያ መጣ። ቅጠሉ እንደ ስለት ሹል ሆኖ የሚቆመው ግላዲዮለስ አበባም ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው።

«ትልቅ» የተባለው ሰይፍ ከ1400ዎቹ መጨረሻ እስከ 1600ዎቹ መገባደጃ ድረስ የደጋማው ስኮትላንድ ሰዎች የተዋጉበት ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ 1 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ መሬት ላይ ቢቆም የመካከለኛ ሰው ትከሻ ድረስ ይደርሳል። ስለቱ ብቻ ከ1 ሜትር ያልፋል፤ እጀታው 33 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ክብደቱ ግን 2 ኪሎ ተኩል አካባቢ ብቻ ነው። ይህ ብዙ ሰው ከሚገምተው በጣም ያነሰ ነው፤ ምክንያቱም ባለቤቱ ለማንሳት የሚያቃስትበት ሰይፍ ጦር ሜዳ ላይ አይረባም። አንዱ ምት ከሳተ ሁለተኛውን እስኪሰነዝር ድረስ ያልቅለታል። ሁለት እጅ የሚያስፈልገው ለማዞር ነው። የላይኛው እጅ አቅጣጫ ይሰጣል፤ የታችኛው ከእጀታው መጨረሻ አጠገብ ሆኖ ይስባል፣ ይገፋል። እጀታው ረዘም ባለ ቁጥር ጫፉ ይፈጥናል። ጉድለቱም የሚመጣው ከዚያው ነው፤ ሁለት እጁ የተያዘ ሰው ጋሻ አያነሣም፣ ሰይፉን ለማዞር ደግሞ ግራ ቀኙ ክፍት መሆን አለበት። ወዳጅ ከጎኑ ተጠግቶ ከቆመ ሰይፉ ግማሽ ጥቅሙን ያጣል።

ሙዚየም ውስጥ ይህን ሰይፍ ለመለየት ስለቱን ማየት ብዙ አይረዳም፤ ስለቱ ብዙ ጊዜ ከጀርመን ተገዝቶ የመጣና እጀታው ስኮትላንድ ውስጥ የተገጠመለት ነው። መታየት ያለበት መስቀለኛው የእጅ መከላከያ ነው። ሁለቱ ክንፎቹ ቀጥ ብለው ወደ ጎን አይዘረጉም፤ ወደ ስለቱ ያዘነብላሉ። በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ አራት ትንንሽ የብረት ቀለበቶች ተጋጥመው ውስጡ ክፍት የሆነ አበባ ይሠራሉ። የእኛን የእጅ መስቀሎች ጫፍ ያስተዋለ ሰው ቅርጹን ወዲያው ይለምደዋል።

አማርኛ ስለት መሣሪያ የሚጠራበት ቃል አይቸግረውም፤ ለዚህ ሰይፍ ግን ልክክ የሚል የለውም። ሾተል እንደ ማጭድ የጎበጠ ነው። ጎራዴ በአንድ እጅ የሚመዘዝ፣ ወገብ ላይ የሚታጠቅ ነው። ሰይፍ ሰፊ ቃል ነው፤ በቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ላይ የምናየውንም፣ በመጽሐፍ የምናነበውንም ያካትታል። ስለዚህ የድሮውን ክሌይሞር በአማርኛ የሚጽፍ ሰው «ባለ ሁለት እጅ ሰይፍ» ቢለው ከሁሉ ይሻላል ባይ ነኝ።

የመጀመሪያው የትርጉም ለውጥ የተመዘገበበት ቦታ ይታወቃል። በ1773 እንግሊዛዊው የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሳሙኤል ጆንሰንና ወዳጁ፣ ስኮትላንዳዊው ጸሐፊ ጄምስ ቦስዌል፣ ስካይ ደሴት ላይ ደንቬገን ግንብ በእንግድነት ሰንብተው ነበር። ግንቡ የማክላውድ ጎሳ መቀመጫ ነው። አስተናጋጃቸው ኖርማን ማክላውድ የሚባል ወጣት የጎሳ አለቃ ነበር። እዚያ በ1626 የሞተው የጎሳው አለቃ የሮሪ ሞር ንብረት የተባለ ትልቅ ሰይፍ አዩ። (የአለቃው ቅጽልም ያው «ሞር» ነው፤ ትልቁ ሮሪ።) ቦስዌል በዚያን ጊዜ የጻፈው ማስታወሻ ለቃሉ ታሪክ ዋጋው ከፍ ያለ ነው፦ አሁን ሰዎች የሚይዙት ሰይፍ «ትልቅ ሰይፍ» ተብሎ ይጠራ እንጂ ከሮሪ ሞር ዘመኑ በጣም ያነሰና በቅርብ ጊዜ የመጣ ነው ይላል። የኖርማን ማክላውድን ስም አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ቦስዌል «አሁን የሚይዙት» ያለው ባለ ቅርጫት እጀታውን ሰይፍ ነው። በአንድ እጅ ይያዛል፤ ስለቱ ከ80 እስከ 85 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ከ1 ኪሎ ብዙም አያልፍም። እጅን ሙሉ በሙሉ የሚከበው ቅርጫት ከብረት ዘንጎችና ከጠፍጣፋ ብረቶች የተሠራ ነው፤ ጠፍጣፋዎቹ ላይ ብዙ ጊዜ የልብ ቅርጽ ተበስቶባቸው ይታያል። በግላስጎውና በስተርሊንግ የሠሩት አንጥረኞች ሥራቸው እስከ ዛሬ በሰብሳቢዎች ይፈለጋል። የቅርጫቱ ውስጥ በቆዳና በቀይ ጨርቅ ይለበድ ነበር። ይህ ልባድ ለጌጥ ብቻ የተደረገ የሚመስለው አለ። የለበሰው ቆዳ ከሌለ ግን ቅርጫቱን የመታው ዱላ ወይም ሰይፍ ብረቱን ጣት ላይ ያጣብቀዋል፤ የእጅ ጀርባም በዘንጎቹ ይላጣል። ዛሬ በጨረታ የሚሸጡት አብዛኞቹ ልባዳቸው በስብሶ ጠፍቷል፤ ስለዚህም የሚያያቸው ሰው ቅርጫቱ ለእጅ በጣም ሰፊ ነው ብሎ ይሳሳታል።

ታዲያ ይህን አነስተኛ ሰይፍ «ትልቅ» ማለት ስሕተት ነው? ባለፉት መቶ ሃምሳ ዓመታት በዚህ ጥያቄ ብዙ ቀለም ፈሷል። በእኔ አስተያየት ክርክሩ የሚፈታው «ከምን ይልቅ ትልቅ?» ተብሎ ሲጠየቅ ነው። በ1600 ባለ ሁለት እጁ ሰይፍ ከተራው ባለ አንድ እጅ ሰይፍ ይልቅ ትልቅ ነበር። በ1740 ደግሞ የከተማ ጨዋ ወገቡ ላይ የሚያንጠለጥለው ቀጭን መውጊያ ሰይፍ ስለነበረ ባለ ቅርጫቱ ከዚያ ይልቅ ትልቅ ነው። ባለ ሁለት እጁ ከአገልግሎት ወጣ፣ ስሙ ባዶውን ቀረ፣ ቀጣዩ ትልቅ ሰይፍ ስሙን ወሰደ። ስም የሚሞተው የሚወርሰው ሲጠፋ ነውና።

ባለ ቅርጫቱ ሰይፍ ስሙን የተከለው በአንድ ዓይነት የውጊያ ስልት ነው። ደጋማዎቹ ወደ ጠላት ረድፍ በሩጫ ቀርበው ጠመንጃቸውን አንድ ጊዜ ብቻ ይተኩሳሉ፤ ከዚያ ጠመንጃውን መሬት ላይ ጥለው በጭሱ ውስጥ ሰይፍ ይመዛሉ። ግራ ክንድ ላይ «ታርጅ» የሚባል ክብ የእንጨትና የቆዳ ጋሻ ይጠለቃል፤ የዚያው እጅ ጣቶች ጩቤ ይይዛሉ። የዘመኑ ወታደር ጠመንጃውን ለማጉረስ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ስለሚፈጅበት ስልቱ የቆመው በዚያች ክፍተት ላይ ነው። በሐምሌ 1689 ስኮትላንድ ውስጥ ኪሊክራንኪ ላይ፣ በመንግሥቱ ላይ ያመፁ ደጋማዎች በተዋጉበት ቦታ፣ ሠራ፤ ቁልቁለት ነበር፣ የመንግሥቱ ወታደሮች ሁለተኛውን ጥይት ሳያጎርሱ ተደረሰባቸው። በነገራችን ላይ የድሮው ባለ ሁለት እጅ ሰይፍ ለመጨረሻ ጊዜ ታየ ከሚባልባቸው ትልልቅ ውጊያዎች አንዱም ይኸው ነው።

ሚያዝያ 16 ቀን 1746 ኩሎደን ላይ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ሜዳው ረግረግ ነበር፤ ሯጭ እግሩ ይሰምጣል። የእንቅስቃሴ ትእዛዝ ዘገየና ያመፁት ደጋማዎች ተሰልፈው ቆመው የመድፍ ጥይት ዘነበባቸው። በመጨረሻ ሲሮጡ የመንግሥቱ መድፈኞች የጥይታቸውን ዓይነት ቀየሩ። እስከዚያ ድረስ ይተኩሱት የነበረው አንድ ድቡልቡል የብረት አረር ነበር፤ አሁን በየመድፉ አፍ የከተቱት ትንንሽ ጥይቶች የታጨቁበት የቆርቆሮ ጣሳ ነው። ጣሳው ከመድፉ አፍ ሲወጣ ይቀደድና ጥይቶቹ እንደ ማራገቢያ ተዘርግተው በሰው ቁመት ልክ ይሄዳሉ። ዓላማው አንድን ሰው አነጣጥሮ መምታት አይደለም፤ ከፊት ያለውን ቦታ ሁሉ መጥረግ ነው። ውጊያው አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላም። ክሌይሞር የያዙት ሰዎች ብዙዎቹ ሰይፋቸው የሚደርስበት ርቀት ላይ ሳይደርሱ ወደቁ።

ያቺን የቆርቆሮ ጣሳ አንርሳት። ፈረንሳዮች በመድፍ የሚተኮሰውን ጥቃቅን ጥይት «ሚትራይ» ይሉታል፤ ከዚያ በተከታታይ የሚተኩሰውን መሣሪያ «ሚትራየዝ» አሉት፤ እኛ ደግሞ ተቀብለን መትረየስ አልነው። አማርኛ የዘመናዊ መሣሪያ ስሞቹን ያገኘው በብዛት እንዲህ ነው። ምንሽር ከማንሊኸር መጣ፣ ውጅግራ ደግሞ ፈረንሳዮች «ፊዚ ግራ» ከሚሉት ጠመንጃ። መሣሪያው ሲመጣ ስሙ አብሮ መጣ። ክሌይሞር የሄደው በተቃራኒው መንገድ ነው፤ አዲስ መሣሪያ ተሠርቶ አሮጌ ስም ተፈልጎለታል።

ከኩሎደን በኋላ የወጣው ሕግ ደጋማዎቹን ትጥቅ አስፈታ። ሰይፉ ግን በብሪታንያ ጦር የደጋማ ክፍለ ጦሮች መኮንኖች ወገብ ላይ ለሥነ ሥርዓት ቀረ። በታኅሣሥ 1941 ጃክ ቸርችል የሚባል የብሪታንያ መኮንን ኖርዌይ ውስጥ ቮግሶይ ላይ በተደረገው ወረራ ባለ ቅርጫቱን ሰይፍ ይዞ ከጀልባ ወርዷል። ከዚያ አሥራ አንድ ዓመት ቆይቶ፣ በ1952፣ አሜሪካ ውስጥ አንድ ሰው በኮሪያ ጦርነት የታየውን በማዕበል የሚመጣ የእግረኛ ጥቃት የሚያቆም ፈንጂ መንደፍ ጀመረ። ስሙ ኖርማን ማክላውድ ነው። ፈንጂውን በትልቁ የስኮትላንድ ሰይፍ ስም ክሌይሞር አለው። የደንቬገኑ አለቃ ሞክሼ ነው፤ ስሙም የዚያው ጎሳ ስም ነው። የመረጠውም የመጀመሪያውን ሰይፍ፣ ባለ ሁለት እጁን ነው።

በ1960 የአሜሪካ ጦር መደበኛ መሣሪያ የሆነውና በቬትናም በስፋት የተሠራበት ዓይነት ኤም 18 ኤ 1 ይባላል። ቀረብ ብለን እንየው። ወይራማ አረንጓዴ ፕላስቲክ ነው፤ ርዝመቱ 21 ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ፣ ከፍታው ከእግሮቹ ውጭ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል። ክብደቱ 1.6 ኪሎ ነው፤ ከድሮው ሰይፍ ይቀልላል። ወደ ፊት ቆልመም ብሎ ከታች አራት ማጠፊያ እግሮች አሉት፤ ሁለት ሁለቱ እንደ መቀስ ተከፍተው መሬት ላይ ይተከላሉ። ውስጡ 680 ግራም ሲ-4 ፈንጂ አለ፤ ከፊቱ በኩል 700 የአረብ ብረት እንክብሎች ተደርድረዋል። የእንክብሉ ስፋት 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ከሽምብራ ያንሳል። ሲፈነዳ እንክብሎቹ በሰከንድ 1,200 ሜትር ገደማ ፍጥነት በ60 ዲግሪ ማዕዘን ተዘርግተው ይወጣሉ። 50 ሜትር ላይ የ50 ሜትር ስፋትና የ2 ሜትር ከፍታ ያለው መጋረጃ ይሠራሉ። እስከ 250 ሜትር ድረስ ያለ ሰው ከአደጋ ነፃ አይደለም።

ስፋቱን፣ ቁመቱን፣ አዘረጋጉን ስናይ ኩሎደን ላይ የቀረችው የቆርቆሮ ጣሳ ናት። መድፉ ቀርቶ ጣሳዋ በራሷ እግር ቆማለች። የክሌይሞር ስም የተሰጠው፣ ክሌይሞር የያዙ ሰዎችን ያጨደው ነገር ነው። ስሙን የመረጠው ሰው ይህን አስቦት ይሆን አይሆን ነገሩን አይለውጠውም፤ ስም የሰይፈኛውን ክብር ለመሣሪያው ያለብሳል፣ መሣሪያው ግን የሚሠራው የመድፈኛውን ሥራ ነው።

የፈንጂው ፊት ላይ በጉልህ የተቀረጸ ጽሑፍ አለ፦ «ፊቱ ወደ ጠላት»። ጀርባው ላይም «ጀርባ» ተብሎ ተጽፏል። ሰይፍ እንዲህ ያለ ጽሑፍ አያስፈልገውም፤ የያዘው እጅ ያውቃል። ይህን መሣሪያ ግን በጨለማና በፍርሃት የሚያስቀምጠው ወታደር ሊያዞረው ይችላል፤ ከዞረ 700ው እንክብል ወደ ራሱ ጉድጓድ ይመጣል። በትክክል ቢቀመጥም ጀርባው ንጹሕ አይደለም። የፍንዳታው ግፊት፣ የፕላስቲኩ ስብርባሪና ያነሣው ድንጋይ ወደ ኋላ ይበተናል፤ ስለዚህ ከበስተ ኋላው 16 ሜትር ውስጥ ሰው እንዳይኖር፣ እስከ 100 ሜትር ያለውም ከለላ እንዲይዝ የጦሩ መመሪያ ያዛል። ከፈንጂው እስከ ወታደሩ መዳፍ የሚደርሰው የኤሌክትሪክ ገመድ 30 ሜትር ነው። እዚህ ድረስ፣ ቢርቅም፣ መሣሪያው ገና በሰው እጅ ነው። ማን ፊቱ እንደቆመ አይቶ የሚጨብጥ ሰው አለ።

ገመዱ ተነቅሎ በምትኩ የእግር መጥለፊያ ሽቦ ሲታሰርበት ግን ያ ሰው ይጠፋል። ፈንጂው፣ ቅርጹ፣ ስሙ፣ ፊቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ሁሉ ያው ነው። የሚያፈነዳው ግን ሽቦውን የነካው እግር ነው፤ የወታደር ይሁን የእረኛ፣ የጥጃ ይሁን የልጅ።

ሕግ አዋቂዎቹ መስመሩን ያሰመሩት እዚሁ ላይ ነው፤ ለዚህም አከብራቸዋለሁ። በ1997 ለፊርማ የቀረበው የኦታዋ ስምምነት ፀረ ሰው ፈንጂን የሚተረጉመው በሰው መገኘት፣ መቅረብ ወይም መንካት እንዲፈነዳ የተሠራ በሚል ነው። በወታደር እጅ የሚፈነዳ ክሌይሞር በዚህ ትርጉም ውስጥ አይወድቅም፤ በመጥለፊያ ሽቦ የተጠመደው ይወድቃል። ኢትዮጵያ ስምምነቱን ታኅሣሥ 3 ቀን 1997 ፈርማ በ2004 አጽድቃለች። አሜሪካና ሩሲያ አባል አይደሉም። በ1996 የተሻሻለው፣ አንዳንድ መደበኛ የጦር መሣሪያዎችን የሚገድበው ስምምነት ሁለተኛ ፕሮቶኮል ደግሞ ላላ ያለ ነው። ፍንጣሪውን ከ90 ዲግሪ ባነሰ ማዕዘን ወደ ጎን የሚወረውርና ከመሬት በላይ የሚቀመጥ መሣሪያ አጥርና ምልክት ሳይደረግለት ቢበዛ ለ72 ሰዓት ሊቀመጥ ይችላል ይላል፤ ያስቀመጠው ጦር አጠገቡ ከሆነና ሲቪል እንዳይገባ ወታደር የሚጠብቀው ከሆነ። እዚህ አንቀጽ ውስጥ «ክሌይሞር» የሚል ቃል የለም። ማዕዘን፣ ቦታ፣ ሰዓትና ጠባቂ ብቻ ነው ያለው። በስሙ ቢጻፍ ኖሮ ሌላ ስም ያለው ሁሉ ያመልጥ ነበር። ሩሲያ ሠራሹ ሞን-50 ለምሳሌ ስሙ የሦስት ቃላት ምሕጻር ነው፦ ፍንጣሪ የሚወረውር ባለ አቅጣጫ ፈንጂ። 50ው ርቀቱ በሜትር ነው። ሰይፍም ጎሳም የለበትም፤ የሚሠራውን ይናገራል።

በአማርኛ ለሚጽፉና ለሚተረጉሙ ሁሉ የምለምነው ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ክሌይሞርና ሞን-50 ሲገጥሙን እጃችን ልማድ ሆኖበት «የተቀበረ ፈንጂ» ብሎ ይጽፋል። ጥፋቱ የእኛ ብቻ አይደለም፤ እንግሊዝኛው «ማይን» ራሱ ከግንብ ሥር የሚቆፈር ዋሻ ማለት ስለነበር መቀበርን ይዞ መጥቷል። ይህ መሣሪያ ግን አይቀበርም። መሬት ላይ በእግሩ ይቆማል፤ ሞን-50 ዛፍ ላይም ይታሰራል። ከ2020 እስከ 2022 የተካሄደው ጦርነት በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ያልፈነዱ ተተኳሾችን ትቶ ሄዷል። «የተቀበረ» የሚል ማስጠንቀቂያ የሰማ ሰው የሚያየው የተቆፈረ አፈር ነው፤ ዓይኑን መሬቱ ላይ ተክሎ ሲሄድ ቁርጭምጭሚት ወይም ጉልበት ልክ በሣር ውስጥ የተወጠረውን ቀጭን ሽቦ ያልፈዋል። «ባለ አቅጣጫ ፈንጂ፣ ከመሬት በላይ የሚጠመድ» ብንል ቃሉ ይረዝማል፤ የሚያነበው ሰው ግን የት እንደሚያይ ያውቃል።

ሽቦ ያየ ሰው እዚያው ይቁም። አይሳበው፣ አይቁረጠው፤ የተወጠረ ሽቦ ሲላላም ሊያፈነዳ ይችላል። ሽቦውን ተከትሎ ጫፉን ለማየት አይሂድ፤ ከኋላው ያሉትን በድምፅ ያስቁም፣ በመጣበት ዱካ ይመለስ፣ ቦታውን ከሩቅ በሚታይ ነገር አመልክቶ ለቀበሌ ወይም ለፖሊስ ይናገር። አረንጓዴ ፕላስቲክ፣ መቀስ የመሰሉ አራት እግሮች፣ ወደ ፊት የቆለመመ ሆድ። ሆዱ የሚታየው ሰው በእንክብሎቹ መንገድ ላይ ቆሟል።